ነብሮን ይዘነው እንሂድ ወይስ ትተነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ ሆኖብኛል።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ከባለቤቴና ከልጃችን ጋር ለአንድ ሳምንት እረፍት በባሕር ዳርቻ ወደምትገኝ ከተማ ልንሄድ ነው። በመኪና ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ነብሮ የሚባል ውሻ አለን። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ክብደቱ 24 ኪሎ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሆዱና አፍንጫው አካባቢ ነጭ ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም። ገና መኪና ውስጥ ሲገባ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ያስመልሰዋል።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። "ነብሮ ካልሄደ እኔም አልሄድም" ብላለች። ባለቤቴ ደግሞ "ውሻ ቤቱ ነው የሚሻለው፤ አንድ ሳምንት እንኳ እፎይ እንበል" ይላል። እውነቱን ለመናገር መኪናው ውስጥ ያስመለሰውን ሁልጊዜ የሚያጸዳው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ነብሮን ለሦስት ቀን ሰው ጋ ትተነው ሄደን ነበር። ምግብ ሳይነካ በሩ ሥር ተኝቶ ከረመ አሉን። ያንን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል። የምናርፍበት ቤት ስደውል "ውሻ ይፈቀዳል" ብለውኛል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ልወስደው የፈለግሁት ለእሱ ብዬ ነው ወይስ ጸጸቴን ለማስታገስ? ብንወስደውስ መንገዱንና ባሕሩን ይችለዋል? እባክዎ ይምከሩኝ።

ልቧ ለሁለት የተከፈለ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ነገሩ ትንሽ አይደለም። ስምንት ዓመት አብሮ የኖረን እንስሳ ይዞ መሄድም ሆነ ትቶ መሄድ ቤተሰብን ቢያከራክር አይገርምም። ለነብሮ ብለሽ ነው ወይስ ለጸጸትሽ? ምናልባት ሁለቱም አሉበት፤ ነውርም የለውም። ጸጸት ግን ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አያሳይሽም። ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና በምትኩ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ በዚያ ሳምንት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ነብሮ የት ነው የሚውለው? ከማንስ ጋር?

ውሻ ይዘው ወደ ባሕር የሚሄዱ ሰዎች በሐሳባቸው የሚታያቸው ጠዋቱና ማታው ነው። አሸዋው ቀዝቃዛ፣ ሰው ጥቂት፣ ውሻው ሲሮጥ፣ ልጅ ስትስቅ። እኩለ ቀን ላይ አሸዋው ይግላል፣ ጥላ ይጠፋል፣ እናንተም መዋኘትና ውሻ በማይገባበት ቤት ተቀምጣችሁ መብላት ያምራችኋል። ያን ጊዜ ነብሮን መኪና ውስጥ መተው፣ በማያውቀው ክፍል ብቻውን መዝጋት ወይም በጠራራ ፀሐይ ይዞት መዋል ነው የሚቀረው፤ ሦስቱም አይሆኑም። የሚሆነው ከሁለታችሁ አንዳችሁ በተራ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አብራችሁት መቆየት ነው። ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ ይህን ተራ በየቀኑ ከፋፍላችሁ ከተስማማችሁ ጉዞው ይሆናል። ሰባቱንም ቀን ክፍል ውስጥ የምትቀመጪው አንቺ ብቻ ከሆንሽ ግን ገና በሦስተኛው ቀን ትመረሪያለሽ።

ባለቤትሽ "እፎይ እንበል" ሲል ከምን እንደሆነ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ከነብሮ ነው ወይስ መቀመጫ ከመፈግፈግ? ትውከት ያለበትን መኪና ደጋግሞ ያጸዳ ሰው መድከሙ ውሻውን መጥላት አይደለም። መልሱ መቀመጫው ከሆነ ደግሞ መፍትሔ አለው፤ ሰባት ሳምንት በቂ ጊዜ ነው።

ውሻን መኪና ላይ የሚያስመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ተደራርቦ ነው። አንደኛው በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ክፍል የሚሰማው እንቅስቃሴ ዓይኑ ከሚያየው ጋር አለመግጠሙ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ ደጋግሞ ያስመለሰው ውሻ የመኪናውን በር ሲያይ ገና ሆዱ ይረበሻል። ነብሮ ገና ሲገባ ለሃጩ የሚዝረበረብ ከሆነ የእሱ ፍርሃት ጭምር ነው። ስለዚህ ሥራው ከቆመ መኪና ይጀምራል። ሞተሩን ሳታስነሺ በሩን ከፍተሽ አብረሽው አምስት ደቂቃ ተቀመጪ፤ የሚወደውን ነገር በቁራሽ በቁራሽ እየሰጠሽው። ለሃጩ ደርቆ፣ ሰውነቱ ላላ ብሎ መቀመጥ ሲጀምር በሩን ዝጊ። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሺና ሳትንቀሳቀሺ አጥፊ። ከዚያ አንድ መቶ ሜትር፣ ከዚያ ሰፈሩን አንድ ዙር፣ ከዚያ 15 ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። በየደረጃው ሁለት ሦስት ቀን ቆዪበት። ለሃጩ ከተመለሰ ቸኩለሻል ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሺ። የእያንዳንዱ ጉዞ መጨረሻም ነብሮ የሚወደው ነገር ይሁን፣ ለምሳሌ ሜዳ ላይ መፈታት። ሁልጊዜ ሐኪም ቤት በር ላይ የሚያበቃ መንገድ ማንንም አያስወድድም።

ምልክቶቹን ለባለቤትሽም አሳዪው። በመጀመሪያ ሳይደክመው ደጋግሞ ያዛጋል። ቀጥሎ ከንፈሩን ይልሳል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ለሃጩ ክር ሆኖ ይንጠለጠላል። ከዚያ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርግና ሆዱ ይኮማተራል። መቆም ያለባችሁ ከንፈሩን መላስ እንደጀመረ ነው። ወርዶ አሥር ደቂቃ በእግሩ ቢሄድ ብዙ ጊዜ ይመለስለታል፤ ሆዱ መኮማተር ከጀመረ በኋላ ግን ፎጣ ከመዘርጋት በቀር የምታደርጉት የለም።

በጉዞው ቀን ቀለል ያለ ምግብ ከመነሳታችሁ ከሦስትና አራት ሰዓት በፊት ጨርሶ ይብላ፤ ውሃ ግን አትከልክዪው። መኪናው ውስጥ ቀዝቀዝ ይበል፣ መስኮቱም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይከፈት። ጭንቅላቱን ግን አውጥቶ እንዳይሄድ፤ ነፋሱ ይዞት የሚመጣው ብናኝ ዓይኑን ይጎዳዋል። ልምምዱን ሠርታችሁም ማስመለሱ ካልተወው ለእንስሳት ሐኪሙ ንገሪው። ማሮፒታንት የሚባል ለውሾች የጉዞ ማስመለስ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። መጠኑን በክብደቱ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የሚሰጠውም ከጉዞው አስቀድሞ ነው። ከሁሉ በፊት በአጭር ጉዞ ሞክሩት። ማስመለሱን ያቆመዋል እንጂ ፍርሃቱን አያጠፋውም፤ ስለዚህ ልምምዱን አይተካም። ከቤት ውስጥ የሰው መድኃኒት አንስተሽ እንዳትሰጪው አደራ። አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ውሻን ይመርዛሉ።

አቀማመጡም ይታሰብበት። 24 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሳይታሰር ፍሬን በድንገት ሲያዝ ወደ ፊት ይወነጨፋል፤ እሱም ይጎዳል፣ ፊት የተቀመጠውንም ይጎዳል። ቆሞ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት የሚችልበት፣ ከመኪናው ጋር የታሰረ ሳጥን ጥሩ ነው። ካልሆነም ደረቱን የሚይዝ ሃርነስ አልብሰሽ ከመቀመጫው ቀበቶ ጋር አገናኚው። በአንገት ማሰሪያው ብቻ ከታሰረ ግጭት ሲኖር ጉሮሮውና አንገቱ ነው የሚሰበረው። ኤርባግ ባለበት የፊት መቀመጫ ላይ አይቀመጥ። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፤ ውሃ ይጠጣ፣ ይሽና፣ ይንቀሳቀስ። በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ማሰሪያው እጃችሁ ላይ ይሁን። በጉዞ ላይ ውሻ ከሚጠፋባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው፤ በማያውቀው አውራ ጎዳና ዳር በር ተከፍቶለት ዘሎ ሲወጣ።

መኪናው ሲቆም ነብሮ ለአምስት ደቂቃ እንኳ ብቻውን አይቅር። ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት ፀሐያማ ቀን የመኪናው ውስጥ በአንድ ሰዓት ከ40 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሙቀቱ በአብዛኛው የሚጨምረው ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮት ገርበብ ማድረግ ለውጥ አያመጣም፤ ጥላውም ይዞራል። ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልብም። ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ የሚያለከልከው አየር ራሱ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ማለክለኩ አይረዳውም።

ወደ ማረፊያ ቤቱ መልሰሽ ደውዪ። "ውሻ ይፈቀዳል" ማለት ብዙ ቦታ "ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዳይቀር፣ ምግብ ቤቱና ግቢው ውስጥ እንዳይገባ፣ ከዚህ ክብደት እንዳይበልጥ" የሚል ተከታይ አለው። እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቂ፤ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለም ጠይቂ፤ መልሱን በጽሑፍ ቢልኩልሽ ጥሩ ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ቢሆን ለስምንት ዓመት ውሻ መገጣጠሚያ ይሻላል፤ ሌሊት ለሽንት ለማውጣትም ይቀላል። ግቢው አጥር ካለው፣ አጥሩ ሥር ነብሮ የሚሾልክበት ክፍተት እንዳለ ጠይቂ። የከተማው አስተዳደር ውሻ በየትኛው የባሕር ዳርቻ ክፍልና በየትኛው ሰዓት እንደሚፈቅድም ከመሄዳችሁ በፊት እወቂ። በሞቃቱ ወቅት ውሻ ጭራሽ የማይገባባቸው ወይም ከጠዋትና ከማታ በቀር የሚከለከልባቸው ዳርቻዎች ብዙ ናቸው። ወፎችና ኤሊዎች እንቁላል በሚጥሉበት ወራትም አሸዋ ክምሩ አካባቢ ማሰሪያ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ አለ።

ከመነሳታችሁ ሦስት አራት ሳምንት ቀደም ብለሽ ሐኪም ይየው፤ ልቡንም መገጣጠሚያውንም ይመርምርለት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጪ። መዥገርና ቁንጫ መከላከያውም ከጉዞው በፊት ይሰጠው። በምትሄዱበት አካባቢ ትንኝ ካለ ስለ ልብ ትል መከላከያ ጠይቂ፤ በትንኝ የሚተላለፍ ነውና። ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር፣ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ነገር) ካለው በመዝገቡ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር አሁን የምትጠቀሚበት መሆኑን እዪ፤ የአንገት ማሰሪያው ላይም ስልክሽ የተጻፈበት ነገር ይንጠልጠል። ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሪ። ብዙ አገሮች መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ቀጥሎ ክትባት ይላሉ፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላም ቢያንስ 21 ቀን መቆየት ይጠየቃል። ምግቡን ከቤት ያዢ፣ ከሚያስፈልገው ሁለት ቀን ትርፍ አድርገሽ። ምግብ በድንገት መቀየር ራሱ ያስቀምጠዋል፤ ያን ጊዜ ተቅማጡ ከምግቡ ይሁን ከባሕሩ መለየት ያቅትሻል። የሚተኛበትን ጨርቅም ሳታጥቢ ውሰጂው፤ በማያውቀው ክፍል ውስጥ የራሱን ሽታ ያገኛል።

ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ባሕሩ አትውሰዱት። ክፍሉን ያሽትት፣ ግቢውን ይዙር፣ ውሃ ጠጥቶ ይረፍ። የመጀመሪያው የባሕር ጉብኝት በማግሥቱ ማለዳ ይሁን፤ ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። ውሃው ከዳርቻው ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብና ጠንካራ አሸዋ ላይ በማሰሪያ ይሂድ። ደረቁና ልል የሆነው አሸዋ እግሩን ወደ ውስጥ ስለሚውጠው ለስምንት ዓመት ውሻ ጅማትና ዳሌ ከባድ ነው። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት ደግሞ እወቁ። በአብዛኛው ዳርቻ ከጉድለት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ በገደል ሥር የሄዳችሁበት መንገድ ስትመለሱ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ነብሮ የሞገዱን ድምፅ ሊፈራ ይችላል። ከሩቅ ቁሙና እሱ ይምጣ፤ አትጎትቱት። ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጣል ለዕድሜ ልክ ያስጠላዋል። ሁሉም ውሻ ዋናተኛ ሆኖ አይወለድም፤ ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር ደግሞ ውሃ ሲይዝ ይከብዳል። የሚዋኝ ከሆነ ጀርባው ላይ መያዣ ያለው የውሻ ላይፍ ጃኬት ይልበስ። በማሰሪያ ከያዛችሁት አሥር ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ ሃርነሱ ላይ እሰሩ፤ እጃችሁ ላይ ግን አትጠምጥሙት። ሞገዱ ግራና ቀኝ እየተሰበረ መካከሉ ላይ ጸጥ ያለና ጠቆር ያለ ሰርጥ ካያችሁ እዚያ አታስገቡት። ለመዋኘት የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ውሃው ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ኃይለኛ ጅረት እሱ ነው። ከተወሰደም ተከትላችሁት አትግቡ። ውሻው ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል፤ የሚሰምጠው የገባው ሰው ነው። በዳርቻው ላይ ወደ ጎን ራቅ ብላችሁ ሞገድ በሚሰበርበት በኩል ቆማችሁ በስሙ ጥሩት፤ እርዳታም ጥሩ።

ከሁሉ ይልቅ የምሰጋለት ጨው ውሃውን እንዳይጠጣ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል፤ ከውሻ ደም ጨውነት በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሆዱ ሲገባ ከሰውነቱ ውሃ እየሳበ ወደ አንጀት ያመጣል። ጥቂት ከጠጣ ተቅማጥ ይሆናል፤ ብዙ ከጠጣ የደሙ ጨው ከፍ ብሎ አንጎሉን ይጎዳል። ውሾች ባሕር የሚጠጡት ስለጠማቸው ብቻ አይደለም፤ ሲጫወቱም ሳያስቡት ይጠጣሉ። ኳስ በአፉ ይዞ የሚዋኝ ውሻ አፉ ክፍት ስለሆነ በየሞገዱ ይጎነጫል። ስለዚህ ኳሱን እቤት ተዉትና ጠፍጣፋ፣ የሚንሳፈፍ፣ አፉን ገጥሞ የሚይዘው መጫወቻ ያዙለት። አሥር ደቂቃ ተጫውቶ አሥር ደቂቃ ጥላ ሥር ይረፍ፤ በየእረፍቱም ንጹሕ ውሃ አቅርቡለት። 24 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በተራ ቀን ከ1.2 እስከ 1.4 ሊትር ውሃ ይፈልጋል፤ በሙቀትና በሩጫ ከዚያ ይጨምራል። ለአንድ ማለዳ ጨዋታ አንድ ሊትር መጠጫ፣ ሁለት ሊትር ደግሞ ማጠቢያ ይዛችሁ ብትሄዱ አይቆጭም። አንድ ጊዜ ቀጭን ተቅማጥ ወጥቶት ነገር ግን ንቁ ከሆነ እያያችሁት ማረፍ ይበቃዋል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከተንገዳገደ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዱት። በግድ ብዙ ውሃ አታጋቱት፤ ጨው የበዛበት አንጎል ውሃ በፍጥነት ሲያገኝ ሊያብጥ ይችላል፤ ሐኪሙ ቀስ ብሎ ነው የሚያስተካክለው።

አሸዋም ይዋጣል። ጉድጓድ ሲቆፍርና አሸዋ የለበሰ መጫወቻ ሲያነሳ ጥቂት በጥቂት ይገባና አንጀት ውስጥ ተከማችቶ ሊዘጋ ይችላል። ሆዱ ጠንከር ካለ፣ ሲነካ ካመመው፣ እየጣረ ካልወጣለትና ካስመለሰው አትጠብቁ። ፀሐይ የመታውን አሸዋ ደግሞ የእጅሽን ጀርባ አስቀምጠሽ ሰባት ሰከንድ ቁጠሪ፤ አንቺ ካልቻልሽው የነብሮ መዳፍም አይችለውም። ከእያንዳንዱ ጉብኝት በኋላ መዳፉን ገልብጠሽ በጣቶቹ መካከል እዪ። መሬት የሚነካው ጥቁር ቆዳ ወደ ቀይ ያደላ ወይም የተላጠ ከሆነ ተቃጥሏል፤ የሚያነክስ ከሆነ ደግሞ የተሰበረ ቀንድ አውጣ ልባስ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል።

ባሕር የሚተፋውን ነገርም አትመኑ። የሞተ ዓሣ አይብላ፤ ፓፈር ፊሽ የሚባለው የሚነፋ ዓሣ መርዙ ይገድላል። ጄሊፊሽ የሚባለው ለስላሳና ዝልግልግ የባሕር እንስሳ ሞቶ አሸዋ ላይ የተዘረጋውም ይናደፋል፤ ከነደፈው ቦታውን በባሕር ውሃ እጠቡ፣ በንጹሕ ውሃ አትጠቡ፣ በአሸዋም አትሹት፤ ሁለቱም የቀረውን መርዝ ያስለቅቃሉ። የደረቀ የባሕር አረም ከዋጠ ሆዱ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ዓሣ አጥማጆች የጣሉት መንጠቆ ደግሞ ማታለያው ስላለበት ለውሻ ይሸታል። ከዋጠውና ክሩ ከአፉ ወጥቶ ከታየ ክሩን አትጎትቺ፣ አጠገቡም አትቁረጪው። የወጣውን ክር የአንገት ማሰሪያው ላይ አስረሽ ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ ክሩ ሐኪሙን ይመራዋል። ነጩ አፍንጫውና ሆዱ ፀሐይ ይነካዋል፤ ለውሻ የተሠራ መከላከያ ቀቢው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የሰው ቅባት ግን አይሆንም፤ ሲልሰው ይመርዘዋል።

ከውሃ ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ጀርባው በቀላሉ ይታጠባል፤ የሚረሳው ብብቱ፣ የእግሩ መጋጠሚያና የጣቶቹ መሃል ነው። ሃርነሱን አውልቁ፤ ከሥሩ እርጥብ ጨውና አሸዋ ተይዞ ሲፋተግ በአንድ ሌሊት ቆዳው ይቆስላል። የተንጠለጠለ ጆሮ እርጥበት ይይዛል፤ ጆሮውን ገልበጥ አድርገሽ የሚታየውን ክፍል በደረቅ ጨርቅ አድርቂ፣ የጆሮ መጥረጊያ እንጨት ግን ወደ ውስጥ አታስገቢ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጭንቅላቱን ቢያራግፍ፣ ጆሮውን ቢያክ፣ ሽታ ቢኖረው ቁስለት ጀምሯል። ሌላም ሰውን የሚያስደነግጥ ነገር አለ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ብዙ የዋኘ ውሻ በማግሥቱ ጭራው ተንጠልጥሎ ማንሳት ያቅተዋል። የተሰበረ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የጭራ ጡንቻ መጎዳት ነው፤ በእረፍት በጥቂት ቀን ይድናል። ያም ሆኖ ስለሚያመው ለሐኪም ንገሪ።

ነብሮ ሳያቋርጥ ካለከለከ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ምራቁ ከወፈረ ወይም እግሩ ከከዳው ሙቀት መትቶታል። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 መድረስ አደገኛ ነው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ አጓጉዙት። ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ በመላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡለት። እርጥብ ፎጣ ጀርባው ላይ ከድኖ መተው ግን ሙቀቱን ያፍነዋል። ጠጉሩ ጥቅጥቅ ስለሆነ ውሃው ቆዳው ድረስ መድረሱን በእጅሽ ከፍተሽ እዪ። በዚያ ከተማ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ስልክ ከወዲሁ ፈልገሽ ያዢ፤ በሌሊት የሚሠራም ካለ።

ልጅሽን በተመለከተ "አልሄድም" ማለቷ ነብሮን ምን ያህል እንደምትወደው ያሳያል። ግን ውሳኔውን እሷ ላይ አትጣሉት። ሥራ ስጧት፦ በየእረፍቱ ውሃ ማቅረብ፣ ማታ መዳፉን ማየት የእሷ ይሁን። በውሃ ዳር ማሰሪያውን ብቻዋን እንዳትይዝ ግን አደራ። 24 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ወፍ አይቶ ሲነሳ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትጎተታለች።

ውሳኔውን ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ባለ አንድ ቀን ላይ ቁረጡ። ያን ቀን ሦስት ነገር እዩ፦ ነብሮ አንድ ሰዓት ሳያስመልሰው መሄድ ችሏል? የቀትሩን ተራ ባለቤትሽ ከልቡ ተቀብሏል? ማረፊያ ቤቱ የሰጠው መልስ ይመቻል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ውሰዱት። የቀትሩ ተራ ከሌለ ግን ሌሎቹ ቢሟሉም ባትወስዱት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ብትተዉትም ከዳችሁት ማለት አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ነብሮ ሳይለምድ በድንገት የቀረ ይመስለኛል፤ ይህ ሊስተካከል ይችላል። የሚቀበለው ሰው ከአሁኑ ጀምሮ ወደ ቤታችሁ ይመላለስ፣ ይመግበው፣ ያዙረው። ቀጥሎ ነብሮ እዚያ ሰው ጋ ግማሽ ቀን ይዋል፤ ከዚያ አንድ ሌሊት ይደር፤ ሳምንቱ ከመድረሱ በፊት ሁለት ሌሊት። ከተቻለ ሰውዬው እናንተ ቤት መጥቶ ቢያድር ይመረጣል፤ ነብሮ ቢያንስ ቦታው አይቀየርበትም። የለበስሽውን ያልታጠበ ልብስ መኝታው ላይ ተዪለት። የሚበላበትን ሰዓትና መጠን፣ የሐኪሙን ስልክ፣ ቢታመም እንዲያሳክመው ፈቃድሽንና እስከ ስንት ወጪ እንደሆነ በወረቀት ጻፊለት። አንድ ቀን ባይበላ አይደንግጥ፤ ከ24 ሰዓት በላይ ምንም ካልቀመሰ ወይም ውሃ እምቢ ካለ ግን ለሐኪም ይደውል። ልጅሽም በየምሽቱ ደውላ በላ ወይ ብላ ትጠይቅ፤ ድምፃችሁን ለነብሮ በስልክ ማሰማቱ ግን ይቅር፤ ሰምቶ በየበሩ ሲፈልጋችሁ ያመሻል።